ሚዛኑን የያዘው ገዢም ሲሆን፦ «ትልቅነት ጥፋት አይደለም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሐዋሳ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተው «ትልቅነት ጥፋት አይደለም» የተሰኘ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በከተማችን የተከበሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ናቸው፤ ሐሳባቸውን ያቀረቡትም በጥንቃቄ ስለሆነ ምላሹም በዚያው ልክ ሊሆን ይገባዋል። መከራከሪያቸው ባጭሩ ይህ ነው። ግዙፎቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አገልግሎታቸውን በነጻ ስለሚሰጡ ሸማቹን አልጎዱም፤ ጎዱ ቢባል እንኳ ኖኪያንና ያሁን ያወረደው ገበያ እነሱንም በጊዜው ያወርዳቸዋል፤ መንግሥት በውድድር ሕግ ስም እጁን ባስገባ ቁጥር ፈጠራ ይቀጭጫል፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም በ2025 በሰጧቸው ውሳኔዎች ይህንኑ ተቀብለዋል፤ ለኢትዮጵያ ደግሞ ጉዳዩ ገና ቅንጦት ነው፣ የራሷን ግዙፍ ኩባንያ ሳትገነባ ስለ ገደብ ልታስብ አይገባትም።

እኔ ጠበቃ ነኝ፤ የዕለት ሥራዬ የትናንሽ ሆቴሎችን፣ የሱቆችንና የቡና አቅራቢዎችን ውል ማንበብ ነው። ይህንንም የምጽፈው በእነዚያ ውሎች ውስጥ ካየሁት ተነሥቼ ነው። የውጭ አገር ጉዳዮችን ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ዓመተ ምሕረት እያልሁ በራሳችን አስቀምጣለሁ።

በርዕሳቸው ላይ ክርክር የለኝም። ትልቅነት በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ሕጉም ይላል። በ1890 የወጣው የአሜሪካው የሸርማን ሕግ በፍርድ ቤቶች ሲተረጎም የኖረው በዚህ መንገድ ነው፤ የእኛም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚከለክለው የገበያ የበላይነትን መያዝን ሳይሆን የበላይነትን ያላግባብ መጠቀምን ነው። በተሻለ ዕቃና በተሻለ ሥራ ከሌሎች ቀድሞ የደረሰ ሰው የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። ጥያቄ የሚነሣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ከኋላው ያለውን መንገድ መዝጋት ሲጀምር ነው፤ ጸሐፊው ግን ርዕሱን ካስረዱ በኋላ ወደዚህኛው ጥያቄ ሳይገቡ አልፈዋል።

«ነጻ ነው» የሚለው ሐሳብ የጽሑፋቸው ምሰሶ ስለሆነ በእሱ ልጀምር። ጸሐፊው ገበያውን ያዩት በፈላጊው በኩል ብቻ ነው። ስልኩን ከፍቶ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል የሚፈልግ ሰው ሳንቲም እንደማይከፍል እውነት ነው። የሚከፍለው ስሙ ከላይ እንዲታይለት የሚፈልገው ሆቴል ነው፤ ሆቴሉ ደግሞ የከፈለውን በአልጋ ዋጋ ላይ ስለሚጨምረው ሂሳቡ ዞሮ ዞሮ ያው «በነጻ» የፈለገው እንግዳ ዘንድ ይደርሳል። የአሜሪካው ፌዴራል ዳኛ አሚት ሜታ በነሐሴ 2024 ጎግል ሕግ የጣሰ ሞኖፖል ነው ብለው ሲወስኑ ከመሠረቱባቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር። ኩባንያው ከፍለጋ ውጤት ጋር የሚወጡትን የጽሑፍ ማስታወቂያዎች ዋጋ ተፎካካሪ ይወስድብኛል ብሎ ሳይሰጋ ሲጨምር እንደነበር ፍርዱ ያሳያል። ተፎካካሪን ሳይፈሩ ዋጋ መጨመር መቻል ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የሞኖፖል መታወቂያ ነው።

ሸማቹ ይህን አገልግሎት «መረጠ» ለመባሉም ያው ፍርድ መልስ አለው። ጎግል በስልኮችና በኢንተርኔት ማሰሻዎች (ብራውዘሮች) ላይ አስቀድሞ ተሞልቶ የሚገኘው እሱ ብቻ እንዲሆን በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ለሌሎች ኩባንያዎች ከፍሏል። ሰው ሁሉ ወዶ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ደጁን ለመያዝ ይህን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ ለምን አስፈለገ? ተወዳዳሪ የተሻለ መፈለጊያ ቢሠራ እንኳ ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ቦታው የተያዘ ነው፤ ሰው ፈልጎት እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ለመማርና ለመሻሻል የሚያስፈልገው የተጠቃሚ ብዛት አይኖረውም።

ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። ዘጠኝ ክፍል ያላት እንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ እናት ከአንድ የውጭ አገር የማስያዣ ድረ ገጽ ጋር የፈረሙትን ውል እንዳነብላቸው አምጥተውልኝ ነበር። የኮሚሽኑ መጠን አላስደነገጣቸውም፤ ደላላ ድርሻውን ይወስዳል ብለው የተቀበሉት ነገር ነው። ያላወቁት ውስጥ የነበረውን አንቀጽ ነው፤ በስልክ ለሚደውልም ሆነ በር ላይ ለሚመጣ እንግዳ በድረ ገጹ ከሚታየው ዋጋ በታች እንዳያከራዩ ይከለክላቸዋል። ትርጉሙን ስነግራቸው «ታዲያ ልጄ፣ ቤቱ የማን ነው?» አሉኝ። ይህ አንቀጽ በአማርኛ ጽሑፎቻችን ብዙም ያልተወራለት ይሁን እንጂ በሌላው ዓለም የታወቀ ነው። የደቡብ አፍሪካ የውድድር ኮሚሽን በሐምሌ 2023 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት የማስያዣ መድረኮች ይህን ዓይነት የዋጋ እኩልነት ግዴታ እንዲያነሡ ጠይቋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አነስተኛ ኮሚሽን የሚጠይቅ አዲስ ተወዳዳሪ ቢመጣ እንኳ ሆቴሉ ቅናሹን ለእንግዳው ማስተላለፍ ስለማይችል እንግዳው ወደ አዲሱ የሚሄድበት ምክንያት ይጠፋል። እንግዳው ከኪሱ ለድረ ገጹ አልከፈለም፤ ግን ሊያገኝ ይችል የነበረው ርካሽ አልጋ ከገበያው ጠፍቷል።

ጸሐፊው ማስታወቂያን በአንድ አንቀጽ «የኩባንያዎች የውስጥ ጉዳይ» ብለው ዘግተውታል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ልቆይበት የምፈልገው ነጥብ ይህ ነው፤ ለሲዳማ ሰው ለመረዳት የሚከብድ ነገርም የለውም። ከአለታ ወንዶ ወይም ከበንሳ ተጭኖ የሚመጣ ቡና በምርት ገበያው አሠራር ናሙና ተወስዶለት በሐዋሳው ማዕከል ሲመዘን፣ ናሙናው ወደ ቀማሾቹ የሚገባው በባለቤቱ ስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው። ቀማሹ የማንን ቡና እንደሚቀምስ አያውቅም። ይህ የሆነው ቀማሾቹ ክፉ ሰዎች ናቸው ተብሎ አይደለም፤ ደረጃ የሚሰጥ ሰው ከሻጩም ሆነ ከገዢው ጋር ከተነካካ ዋጋው ሊታመን እንደማይችል ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። አሁን ደረጃ ሰጪው፣ የሻጩ ወኪል፣ የገዢው ወኪልና የመገበያያው አዳራሽ ባለቤት አንድ ሰው ነው ብለን እናስብ። ገበሬው የተከፈለውን፣ ላኪው የከፈለውን፣ በመሀል የቀረውንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ገበያ ይቋቋም የሚል ሰው ለገበሬዎች ስብሰባ ሐሳቡን ቢያቀርብ ንግግሩን የሚያስጨርሰው የሚኖር አይመስለኝም።

በኢንተርኔት ማስታወቂያ የሆነው ግን በትክክል ይህ ነው። ጎግል ደብልክሊክ የተባለውን የኢንተርኔት ማስታወቂያ ኩባንያ በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ በ2008 ጠቀለለ። ከዚያ በኋላ ጋዜጦችና ድረ ገጾች የማስታወቂያ ቦታቸውን የሚሸጡበት መሣሪያ፣ አስተዋዋቂዎች የሚገዙበት መሣሪያ፣ በመሀል ያለው የጨረታ አዳራሽም በአንድ ቤት ውስጥ ገቡ። አንድ የኩባንያው ሠራተኛ ራሱ ይህን አደረጃጀት ትልቅ ባንክ የኒውዮርክን የአክሲዮን ገበያ በባለቤትነት ቢይዝ ከሚፈጠረው ሁኔታ ጋር ማነጻጸሩ በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ክስ ውስጥ ተጠቅሷል። ዳኛ ሊዮኒ ብሪንከማ በሚያዝያ 2025 በሰጡት ውሳኔ ኩባንያው በሻጮች መሣሪያና በጨረታው አዳራሽ ገበያ ሕገ ወጥ ሞኖፖል መያዙን፣ ሁለቱንም አስሮ መሸጡን አረጋግጠዋል። ጨረታው ላይ የሚቆረጠው 20 በመቶ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይቀንስ መቆየቱም በችሎቱ ከታዩት ነገሮች አንዱ ነው። በቴክኖሎጂ ዓለም የአንድ ነገር ወጪ አሥር ዓመት ሙሉ ሳይወርድ ሲቀር ከቴክኖሎጂው ሌላ ምክንያት መፈለግ ያስፈልጋል። በዚያ 20 በመቶ የተቆረጠው ገንዘብ የጋዜጠኛ ደመወዝ፣ የዘጋቢ የጉዞ አበል ሊሆን ይችል የነበረ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ «የውስጥ ጉዳይ» የሚለውን ቃል መቀበል አልችልም።

ገበያው ራሱን ያርማል በሚለው ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል። ኖኪያ የስልክ ሥራውን ለማይክሮሶፍት ሸጧል፤ ያሁም ዋና ሥራው በ2017 በቬራይዘን ተገዝቷል። ሁለቱም የወደቁት ግን የሚጥላቸው ተወዳዳሪ ለማደግ ዕድል በማግኘቱ ነው። ኋላ የመጡት ከዚህ ትምህርት ወስደዋል። ፌስቡክ በ2012 አሥራ ሦስት ሠራተኞች ብቻ የነበሩትን ኢንስታግራምን በአንድ ቢሊዮን ዶላር፣ በ2014 ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። የኩባንያው መሥራች ከመወዳደር መግዛት ይሻላል የሚል መልእክት በ2008 መጻፋቸው በአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ክስ ላይ ቀርቧል። የነገው ተወዳዳሪ በችግኝነቱ እየተገዛ ከሄደ ጸሐፊው የሚተማመኑበት «ራስን የማረም» ኃይል ከየት ይመጣል? ዛሬ የወደቁ የድሮ ግዙፎችን መቁጠር ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ መቆጠር ያለባቸው ሳያድጉ የቀሩት ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ስም የላቸውም።

ሕግ ፈጠራን ይገድላል ለሚለው ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ የአሜሪካው ኮምፒውተር አምራች የአይቢኤም ጉዳይ ነው። በ1969 የተጀመረው ክስ አሥራ ሦስት ዓመት ተጓቶ በ1982 መንግሥት ራሱ እንደተወው በትክክል ጽፈዋል። ያልጻፉት፣ ኩባንያው ክሱ በቀረበበት በዚያው ዓመት ሶፍትዌርን ከኮምፒውተሩ ነጥሎ በየዋጋው እንደሚሸጥ ማስታወቁን ነው። እስከዚያ ድረስ ሶፍትዌር ከማሽኑ ጋር የሚመጣ ምራቂ ነበር፤ ራሱን ችሎ ከተሸጠ በኋላ ግን ማሽን የማይሠሩ ኩባንያዎች የሚኖሩበት ገበያ ሰፋ። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ ታሪክ ከዚህም ይበልጣል። ኩባንያው በ1956 ከመንግሥት ጋር በደረሰበት ስምምነት በእጁ የነበሩትን በሺዎች የሚቆጠሩ የፈጠራ መብቶች ሌሎች ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙባቸው ፈቀደ፤ በቤተ ሙከራው በ1947 የተወለደው ትራንዚስተር የተስፋፋበት ዘመን ይህ ነው። በ1984 ደግሞ ኩባንያው ተከፋፍሎ ሰባት የአካባቢ ድርጅቶች ወጡት። ማይክሮሶፍትም በ1998 ተከሶ፣ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለሁለት ይከፈል ቢልም ይግባኝ ሰሚው መከፋፈሉን ሽሮ ጥፋቱን ግን አጽንቶበታል። ጎግል የተመሠረተው በዚያው በ1998 ነው። ጎግል ያደገው በክሱ ምክንያት ብቻ ነው አልልም፤ ይህን በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ቢኖር እኔም እጠራጠረዋለሁ። ነገር ግን ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ባይሆን ኖሮ ማይክሮሶፍት የመፈለጊያውን ደጅ እንደ ቀድሞው ለመዝጋት ነጻ ይሆን ነበር፤ ዛሬ ተከሳሽ የሆነው ኩባንያ ያኔ በተከፈተው መንገድ ያለፈ ነው።

የ2025ን ውሳኔዎች በተመለከተ ጸሐፊው ሁለት ጉዳይ ጠቅሰዋል። ዳኛ ሜታ በመስከረም ወር በሰጡት የመፍትሔ ትእዛዝ ጎግል ክሮም የተባለውን የኢንተርኔት ማሰሻውን ይሽጥ የሚለውን የመንግሥት ጥያቄ ውድቅ አድርገዋል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነገሩን እንደለወጠውም ገልጸዋል። ይህ እውነት ነው። ግን በዚያው ትእዛዝ ሌሎችን የሚያገልሉ ብቸኛ ውሎችን ከልክለዋል፤ ብቁ ለሆኑ ተወዳዳሪዎች የተወሰነ የፍለጋ መረጃ እንዲጋራም አዘዋል። ጥፋተኛ የተባለ ሰው ቅጣቱ ስለቀለለለት ነጻ ወጥቷል ብሎ መጻፍ ትክክል አይደለም። ክፍያው ራሱ ባለመከልከሉ እኔ በበኩሌ ትእዛዙ ጎድሎብኛል።

ሁለተኛው፣ ከዳኛው ጋር ስሙ የተመሳሰለው የፌስቡክ ባለቤት የሜታ ኩባንያ ጉዳይ፣ ለጸሐፊው የሚቀርብ ይመስላል። ዳኛ ጄምስ ቦስበርግ በኅዳር 2025 ኩባንያው ዛሬ ሞኖፖል መሆኑ አልተረጋገጠም ብለው ክሱን ዘግተዋል። መሸነፍን መሸነፍ ማለት ይገባል። ሆኖም የፍርዱን ሚዛን ያጋደለው «ዛሬ» የሚለው ቃል ነው፤ ቲክቶክና ዩቲዩብ በገቡበት የአሁኑ ገበያ ላይ የተሰጠ ዳኝነት እንጂ በ2012 ግዢው ልክ ነበር የሚል አይደለም። ግዢው በተፈጸመ በስምንተኛው ዓመት የቀረበ ክስ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ሲወሰን፣ የተገዛው ተወዳዳሪ ብቻውን ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ከወዴት ይገኛል? ጸሐፊው ከዚህ ፍርድ ሕጉ ከንቱ ነው የሚል መደምደሚያ ወስደዋል፤ እኔ የምወስደው ሕጉ ዘገየ የሚል ነው። መድኃኒቱ ሁለታችንን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይወስደናል፤ እሳቸውን ወደ መተው፣ እኔን ወደ መቅደም።

መቅደም የሚቻለው ደግሞ ገበያቸው ገና በመሠራት ላይ ባለ አገሮች ነው፤ «ለእኛ ቅንጦት ነው» የሚለውን ነጥብ የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ መዝግቧል። በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ የገባው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኤም-ፔሳን ያስጀመረው ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ይህን የምጠቅሰው አንዱንም ለመክሰስ አይደለም። የሞባይል ገንዘብ ብዙ ሰው በያዘው በኩል የበለጠ የሚጠቅም አገልግሎት ነው፤ ወንድሜ ያለበት መረብ ለእኔም ይሻለኛል። እንዲህ ያለ ገበያ አንዴ ወደ አንድ ወገን ካዘመመ በኋላ ማቃናቱ ከባድ እንደሆነ ከጎረቤታችን አይተናል። ኤም-ፔሳ በኬንያ የተጀመረው በ2007 ነው። ለደንበኞች ገንዘብ ገቢና ወጪ የሚያደርጉት ወኪሎቹ ለሌላ ኩባንያም እንዲሠሩ የኬንያ የውድድር ባለሥልጣን መንገዱን የከፈተው በ2014 ነበር። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ሰባት ዓመት ግን ዘግይቷል። ወኪሎቹ ነጻ ከወጡ ከብዙ ዓመታት በኋላም የኤም-ፔሳ ድርሻ ከ90 በመቶ በላይ እንደሆነ ቆይቷል። እዚያ የበላይ የሆነው ኩባንያ እዚህ አዲስ ገቢ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የሚጻፈው ሥርዓት ማንን ጠቅሞ ማንን እንደሚጎዳ አስቀድሞ የተወሰነ አይደለም፤ ሥርዓት ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

የራሳችንን ግዙፍ ኩባንያ እንገንባ የሚለውን ምኞት እኔም እጋራለሁ። የምንለያየው በመንገዱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያደገው በዓለም አቀፍ መስመሮች ላይ ከታላላቅ አየር መንገዶች ጋር በየቀኑ እየተፎካከረ ነው። ቴሌኮም በአንጻሩ ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ተወዳዳሪ ኖሮ፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ዘርፉ ለሌሎች እንደሚከፈት በተነገረ በሦስት ወር ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ ከ40 በመቶ በላይ ተቀነሰ። አንድም ተወዳዳሪ አልገባም ነበር፤ የመምጣቱ ወሬ ብቻ ነው የተሰማው። ቀድሞም ሊቀነስ ይችል የነበረ ዋጋ ለዓመታት የከፈልነው እኛው ነን።

ሌሎች አፍሪካውያን ጉዳዩን እንደ ቅንጦት አላዩትም። የናይጄሪያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን በሐምሌ 2024 ሜታን 220 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቷል። የአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጣናም በ2023 የውድድር ፕሮቶኮል አጽድቋል። እኛ አዋጅ አለን፤ አዋጅ 813ን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው ባለሥልጣን ግን በ2014 ዓ.ም. በወጣው የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። የስኳርና የዘይት ዋጋ በየሳምንቱ በሚያስጨንቀው ሚኒስቴር ውስጥ የዲጂታል ገበያ ጉዳይ ተራ እስኪደርሰው መጠበቅ የለበትም። በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣንና የሞባይል ገንዘብን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ሦስተኛ አዲስ ሕግ ሳይጠብቁ ከሚኒስቴሩ ጋር ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በመናኸሪያው አካባቢ ጃንጥላ ዘርግተው ገንዘብ ገቢና ወጪ የሚያደርጉ ወጣቶች የሚፈርሙት የወኪልነት ውል አለ። በመመሪያ ውስጥ እንዲገባ የምፈልገው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ወኪሉ ለሌላ አገልግሎት ሰጪ እንዳይሠራ ወይም የሌላን አገልግሎት ሰጪ ምልክት እንዳይሰቅል የሚከለክል ማናቸውም የውል ቃል ተፈጻሚነት የለውም።» ለሆቴሎቹም ዋጋቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ የሚያደርግ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ጸሐፊው እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የትኛውን ፈጠራ እንደሚያስቀሩ፣ የትኛውን የአገር ኩባንያ ከማደግ እንደሚያግዱ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው እንዲያስረዱን በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ መልሳቸውንም እጠብቃለሁ።